ጨው ሲሉት በረኪና

ባለፈው ሰሞን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የአክስቴ ልጅ ልደታ ድረስ መጥቶ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያለከለከ ወጣና ሦስት ወፋፍራም ካታሎግ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈ። ሊጠይቀኝ የመጣ መስሎኝ ቡና ላስፈላለት ስነሳ፣ «ቡናው ይቆይ ጋሼ፤ መጀመሪያ እቺን ምረጥልኝ» አለኝ።

«ምኗን?»

«የጨው ማሽኗን።»

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በልቦለድና በግጥም ነው። «ይኼ ገጸ ባሕርይ ለምን ሞተ?» ብለው የሚጠይቁኝን ተማሪዎች ስመልስ ኖሬ ነው ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁት። የጨው ማሽን ምረጥልኝ ያለኝ ሰው ግን እስከዚያች እሑድ ድረስ አልገጠመኝም። ነገሩ ሲፍታታ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሃያ ምናምን ዓመት አሜሪካ ኖሮ ተመልሷል። ከኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው አሮጌው ኤርፖርት ቤት ሠርቷል። ግቢው ውስጥ ደግሞ መዋኛ ገንዳ አስቆፍሯል፤ 10 ሜትር በ5 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ ሜትር ተኩል። የቀረው ውኃውን የሚያጸዳለት መሣሪያ መምረጥ ብቻ ነው። ዱቄት ክሎሪን አልፈልግም ብሏል፤ ዓይን ያቃጥላል፣ የልጆቹን ፀጉር ያደርቃል። ሻጩ ደግሞ «ክሎሪን የሚባል የሌለበት፣ በተፈጥሮ ጨው ብቻ የሚሠራ» መሣሪያ አለ ብሎታል።

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«እንግሊዝኛው ጠጠረብኝ።»

«ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖረህ?»

«እኔ የኖርኩት ፓርኪንግ ውስጥ ነው ጋሼ። እዚያ የሚወራው እንግሊዝኛ ሌላ ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ አልዋሽህም፤ ደስ ብሎኛል። የሥነ ጽሑፍ መምህር ጡረታ ሲቃረብ የሚፈልገው ሰው ይጠፋል። ስለዚህ «ተወው፣ ሦስት ቀን ስጠኝ» አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ካታሎግ አነበብኩ። በመጨረሻ የተረዳሁት ግን ስለ ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ስለ እኛም ነው። የዛሬው ጽሑፌ የሚያስቀይመው ሰው ካለ፣ ከወዲሁ ይቅርታ አልጠይቅም።

ከውሸቱ ልጀምር። «ክሎሪን የሌለው» የሚባለው የጨው ማሽን ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ ክሎሪን ማምረት! ሌላ ሥራ የለውም። ገንዳው ውስጥ በአንድ ሊትር ውኃ ከ3 እስከ 4 ግራም የሚሆን የገበታ ጨው ይሟሟል። ፓምፑ ውኃውን እየሳበ «ሴል» በሚባል ዕቃ ውስጥ ያሳልፈዋል። በሴሉ ውስጥ እንደ ሩቴኒየምና ኢሪዲየም ባሉ ውድ ማዕድናት ኦክሳይድ የተለበጡ የቲታኒየም ዝርግ ሳህኖች ተደርድረዋል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው ጨውን ይፈታሉ፤ ክሎሪን ይወጣል፣ ሃይድሮጅን በአረፋ መልክ ይሄዳል፣ የቀረው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ክሎሪኑና ሶዳው እዚያው ውኃ ውስጥ ሲገናኙ የሚፈጠረው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል።

ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ማን ነው? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነጭ ልብስ የምታነጡበት፣ ሽንት ቤት የምታጥቡበት፣ ከሱቅ በፕላስቲክ ጠርሙስ የምትገዙት ነው። ጣልያን ስሙን አውርሶን የሄደው በረኪና! እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ከሰባት ባሕር ማዶ የሚያስመጣው፣ በዶላር የሚከፍልበት፣ «ተፈጥሯዊ» የተባለለት ማሽን፣ አማርኛው ሲቃና የበረኪና ፋብሪካ ነው።

ይኼን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ ዓይን ያቃጥላላ?» አለኝ። እዚህ ላይ ለማሽኑ ፍርድ መስጠት አለብኝ። ዓይን የሚያቆጠቁጠውና ያ «የመዋኛ ሽታ» የምንለው ነገር የሚመጣው በአብዛኛው ከንጹሕ ክሎሪን አይደለም። ክሎሪን ከላብና፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከሽንት ጋር ሲጋባ ከሚወልደው ክሎራሚን ነው። መድኃኒቱ ማሽን መለወጥ ሳይሆን ከመግባት በፊት ገላን መታጠብ ነው። በእርግጥ የጨው ገንዳ ውኃ ለገላ ለስለስ ይላል፤ ክሎሪኑም በየጊዜው በትንሽ በትንሹ ስለሚመረት አንዴ በዝቶ አንዴ አያንስም። ጨውነቱም አያስፈራም፤ የባሕር ውኃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፣ እንባችን 9 ግራም ገደማ፣ ገንዳው ግን 3 ተኩል። ከእንባ ያነሰ ጨው ማለት ነው። እቺን ለግጥም ሰው ትቻታለሁ።

ስለዚህ ማሽኑ መጥፎ አይደለም፤ መጥፎው ውሸቱ ነው። ውሸቱ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። «ክሎሪን የለበትም» የተባለ ሰው ክሎሪኑን አይለካም። ያልለካ ሰው ወይ ልጁን አረንጓዴ ውኃ ውስጥ ያዋኛል፣ ወይ ከልክ በላይ ያመርትና ዓይኑን ያጠፋል። እውነቱን የሚያውቅ ሰው ግን በየጊዜው መለኪያውን ይዞ ይወርዳል፤ ነፃ ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤች ከ7.2 እስከ 7.8። ያቺን ኮስቲክ ሶዳ አትርሱ፤ በጨው ማሽን የሚሠራ ገንዳ ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ በየጊዜው በአሲድ ማውረድ ያስፈልጋል። አሲዱንና በረኪናውን አንድ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን አታስቀምጡ። ሁለቱ የተደባለቁ ቀን የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ይኼ ለባለ ገንዳ ብቻ አይደለም፤ ሽንት ቤት ሲታጠብ በረኪናና አሲድ አደባልቃችሁ «ይበልጥ ይጽዳ» የምትሉትንም ይመለከታል።

አሁን ወደ ምርጫው። ማንበቤ ካልቀረ፣ ያነበብኩትን በአማርኛ ልበለው። ካታሎግ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «እስከ ይህን ያህል ሊትር ገንዳ» የሚለው ነው። አትመኑት። መታየት ያለበት በሰዓት ስንት ግራም ክሎሪን ያመርታል የሚለው ቁጥር ነው። 75 ሜትር ኩብ ውኃ ፀሐይ በበዛበት ቀን በሊትር 3 ሚሊ ግራም ቢፈጅ፣ በቀን 225 ግራም ይፈልጋል። በሰዓት 15 ግራም የሚያመርት ማሽን ለዚህ 15 ሰዓት መሥራት አለበት፤ 25 ግራም የሚያመርተው ግን 9 ሰዓት ይበቃዋል። የኛ አገር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይጨምርበት፤ መብራት! ፓምፑ ካልዞረ፣ ሴሉ ኤሌክትሪክ ካላገኘ፣ ክሎሪን የለም። መብራት ሲመጣ የቀረውን የሚያካክስ ከፍ ያለ ማሽን መምረጥ፣ ለክፉ ቀንም ጥቂት ዱቄት ክሎሪን ማስቀመጥ ግድ ነው። ያን የተጠላውን ማለቴ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። ፀሐይዋ ክሎሪንን ፈጥና ትበላለች፤ ስለዚህ ሲያኑሪክ አሲድ የሚባል መከላከያ ያስፈልጋል፤ እሱም በልኩ። የጉድጓድ ውኃ ካልሲየም ሲበዛበት ሳህኖቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ልክ ጀበናችን ውስጥ እንደሚጋገረው። ኤሌክትሪኩን እያገላበጠ ራሱን የሚያጸዳውን ዓይነት ምረጡ። ውኃ ሳይፈስ ሴሉ እንዳይሠራ የሚያጠፋ የፍሰት መቆጣጠሪያ የሌለውን ጭራሽ አትንኩ፤ ሃይድሮጅን ቀልድ አያውቅም። ሴሉ ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። ከሦስት እስከ አምስትና ከዚያ በላይ ዓመት ሠርቶ ያልቃል፤ መለወጫው የማሽኑን ዋጋ ትልቅ ክፍል ይወስዳል፣ ያውም በውጭ ምንዛሪ። ሻጩን «መለወጫ ሴል አለህ ወይ?» ብላችሁ ሳትጠይቁ ብር አትቁጠሩ። መሰላሉ ብረት ከሆነ ጨው ይበላዋል፣ ለስላሳ ድንጋይም ይቦረቡራል። ጨውም ሲገዛ ንጹሑንና አዮዲን የሌለበትን ነው። የገበታ ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ እሱ ለሰው አንገት ነው፤ ገንዳ እንቅርት አይዘውም።

ይኼን ሁሉ በሁለት ገጽ አስፍሬ፣ በሠንጠረዥ አሳምሬ፣ ኩራት ኩራት እያለኝ ከቤት ወጣሁ። ደረጃው ላይ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴን አገኘኋቸው። እሳቸው የድሮዋ ልደታ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅልበት በፊት፣ ከነጎረቤት ከነዕቁቡ የኖሩበት። የያዙትን ጀሪካን ተቀብዬ እየወጣሁ ጉዳዩን በኩራት አጫወትኳቸው፤ ስለ ሴሉ፣ ስለ ቲታኒየሙ፣ ስለ ፒኤቹ። ጸጥ ብለው ሰሙኝና አንዲት ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ውኃውንስ ከየት ያመጣዋል፣ ልጄ?»

እኔ ካታሎግ አንባቢው! ሦስት ካታሎግ፣ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ፤ አንዱም ይኼን ጥያቄ አያነሳም። ለምን ያነሳል? የተጻፈው ቧንቧ ሲከፈት ውኃ ለሚመጣለት ሰው ነው። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ወረቀት ከነአስተሳሰቡ ነው የምናስመጣው። የትኛው ይሻላል ብለን ሦስት ቀን እንከራከራለን፤ ከየት ይመጣል የሚለውን ግን ጀሪካን የተሸከመ ሰው እስኪያስታውሰን እንጠብቃለን።

እስቲ በጀሪካን እናስላው። 75 ሜትር ኩብ ማለት 75 ሺህ ሊትር ነው፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 3,750 ጀሪካን። በቀን አምስት ጀሪካን ለሚበቃው ቤተሰብ የ750 ቀን ውኃ ነው፤ ሁለት ዓመት ከሃያ ቀን። ጎረቤቴ በድሮዋ ልደታ ቦኖ ላይ ተሰልፈው የቀዱበትን ዘመን ያስታውሳሉ። ቦኖ ላይ ሕግ ነበረ፤ ማንም ሰው ሃያ ጀሪካን ደርድሮ ሌላውን ማስጠማት አይችልም። ቢሞክር ሰልፈኛው አፍ አውጥቶ ይናገራል፣ ጀሪካኑም ይሽቀነጠራል። ዛሬ ቦኖው የለም። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ነው። ባለ ገንዳው በቦቴ ያስገለብጣል ወይም ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሰልፉ ስለማይታይ ሰልፍ የሌለ ይመስለዋል። ሰልፉ ግን አለ! መሬት ስር ያለው ውኃ የጋራ ነው፤ አጥር የለውም፤ የባለ ገንዳው ፓምፕ የሚስበውን ያህል የሌላው ጉድጓድ ይወርዳል።

ይኼን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ተቆጣ። ክርክሩን ሳልቀንስ ላቅርበው፤ ምክንያቱም ውኃ የሚያነሳ ክርክር ነው። «ጋሼ፣ እኔ አንዴ ነው የምሞላው። በጨው ማሽን የሚጸዳ ውኃ በየወሩ አይደፋም፣ ዓመታት ይቆያል። መኪናውን በየቀኑ በጎማ የሚያጥበው ጎረቤቴስ? ሳሩን ጠዋት ማታ የሚያጠጣውስ? ዱቄቱን ክሎሪን በዶላር ከማስመጣ በአገሬ ጨው ብሠራ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? ደግሞስ ልጆቼ ዋና ባይችሉ ይሻላል?»

እውነቱን ነው። ዋና መማር ቅንጦት አይደለም። ዋና ባለመቻል ሐይቅና ወንዝ የበላቸው ስንት ወጣቶች አሉን! ይቺ ከተማም ከሙቅ ውኃ ጋር ቂም የላትም፤ እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍልውኃን ወደው ነው። አዲስ አበባ የገላ መታጠቢያ ፍለጋ የወለዳት ከተማ ናት ብል አላጋነንኩም። የፍልውኃው በረከት ኋላ ሂልተን ሆቴል የላሊበላን መስቀል አስመስሎ ለሠራው መዋኛም ደርሷል። ግዮን ሆቴል መዋኛ ውስጥም ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ ዋና ተምሯል፤ እኔም አንዱ ነኝ፣ ለዚያውም ውኃ እየጠጣሁ! ልዩነቱ ምንድነው ብትሉኝ፣ እነዚያ መዋኛዎች ትኬት የቆረጠ ሁሉ የሚገባባቸው ነበሩ። አንድ ውኃ ሺህ ሰው ያስተምር ነበር። ዛሬ አንድ ውኃ ለሁለት ልጅ፣ ያውም ለቅዳሜና እሑድ።

«አንዴ ነው የምሞላው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ጨው አይተንም፣ ውኃ ግን ይተናል። በበጋ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢተን፣ 50 ካሬ ሜትር ከሆነው ከዚያ ገንዳ በየቀኑ 200 ሊትር ይሄዳል። አሥር ጀሪካን! የጎረቤቴ የሁለት ቀን ውኃ በየቀኑ ወደ ሰማይ። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መሸፈኛ። ትነቱን አብዛኛውን ይይዛል። በካታሎጎቹ መሸፈኛ የተጠቀሰው ግን የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ነው። ገንዳው የሚለቀቅ ቀንም ሌላ ጣጣ አለ። በሊትር 3 ተኩል ግራም ጨው ያለው ውኃ አትክልት ላይ ቢደፋ ያደርቃል። ወንዝ ቢለቀቅ ደግሞ የኛ ሰፈር ጅረቶች መውረጃቸው ትንሹ አቃቂ ነው፤ በትንሹ አቃቂ ዳር ደግሞ ለረዥም ዘመን ጎመንና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል። ያንተ ጨው በሌላ ሰው ጎመን ላይ እንዳይጣፍጥ ማሰብ የማን ሥራ ነው?

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ።

የእህቴ ልጅ ነርስ ናት። የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ ስም አልጠራም፤ እሷም አትፈልግም። ካታሎጎቹን ጠረጴዛዬ ላይ አይታ «ይኼ ምንድነው ጋሼ?» አለችኝ። አስረዳኋት፤ ጨው፣ ውኃ፣ መብራት፣ በረኪና። ዝም አለች። ቆይታ፣ «እኛ ጋ ባለፈው በረኪና አልቆ ሦስት ቀን ቆየን፤ የማዋለጃውን አልጋ የምናጸዳበት ስናጣ እኔ በራሴ ብር ከሱቅ ገዛሁ» አለችኝ። ከዚያ የካታሎጉን ሽፋን እያየች፣ በሰማያዊ ገንዳ ዳር የምትስቀውን ነጭ ሴትዮ እያየች፣ «ታዲያ ይቺ ማሽን እኛ ጋ ለምን አልመጣችም?» አለችኝ።

እስቲ መልሱልኝ፣ ወገኖቼ። ለምን አልመጣችም?

ሰኔ 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በአጭሩ አተት ያልነው በሽታ ሲገባ፣ ከተማው ሁሉ ስለ ክሎሪን አወራ። «ውኃ አፍልታችሁ ወይም በመድኃኒት አክማችሁ ጠጡ» ተባልን። ከዚያ በፊትም «ውኃ አጋር» የምትባል፣ በክዳኗ እየተለካች ጀሪካን ውስጥ የምትጨመር ትንሽ ጠርሙስ ነበረች። ውስጧ ያለው ምን መሰላችሁ? ያው፣ የቀጠነ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት። የአክስቴ ልጅ ገንዳና የድሃው ጀሪካን የሚድኑት በአንድ መድኃኒት ነው። በ15 ግራም ማሽን አሥር ሰዓት የሚመረተው ክሎሪን 150 ግራም ነው። ጥርት ያለ ውኃን ለማከም በሊትር 2 ሚሊ ግራም ብንቆጥር፣ ይኼ 75 ሺህ ሊትር የመጠጥ ውኃ ያክማል። 3,750 ጀሪካን! ልብ በሉ፣ ገንዳው ከሚይዘው ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር ነው። ሆን ብዬ አላመጣሁትም፤ ስሌቱ ነው ያመጣው።

«የገንዳ ማሽን ለመጠጥ አይሆንም» የሚል ባለሙያ ይነሳብኝ ይሆናል። ትክክል ነው፤ የገንዳውን ማሽን ነቅላችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱ አላልኩም። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ። ጄኔቫ ያለው አንቴና የተባለ ድርጅት «ዋታ» የሚላቸው ትናንሽ መሣሪያዎች በአፍሪካና በእስያ ለዚህ ሲሠሩ ኖረዋል። በአንድ ሊትር ውኃ 25 ግራም ጨው ታሟሟለህ፤ መሣሪያውን ነክረህ ከመብራት ወይም ከፀሐይ ኃይል ጋር ታገናኛለህ። ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በሊትር 6 ግራም ገደማ ክሎሪን ያለው በረኪና ይወጣልሃል። ጤና ጣቢያዎች ዕቃና ወለል የሚያጸዱበት የ0.5 በመቶ ክሎሪን ማለት ይኼው ነው፤ ትንሽ ውኃ ጨምርበት፣ አለቀ። ቶሎ ስለሚደክም ትኩስ ትኩሱን መጠቀም፣ ኃይሉንም በመለኪያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይኼን ደግሞ የእህቴ ልጅ በአንድ ጠዋት ትማረዋለች። እኔ እንኳን ተምሬዋለሁ!

ጨውስ ቢሆን ማን ነው ጨው የሚያጣው? አሞሌን ገንዘብ አድርጎ የገበያየ ሕዝብ! ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በበቅሎ እየተጫነ ስንት ዘመን አገር ለአገር የዞረ ጨው አለን። ዛሬም የአፍዴራ ሐይቅ ጨው በየቤታችን ማዕድ ላይ አለ። ከዚያ ጨው 260 ኪሎውን፣ ሁለት ኩንታል ተኩል አልፎ፣ አንድ ገንዳ ውስጥ ስንጨምር ማሽን ይገኛል፤ ዶላር ይገኛል፤ ባለሙያ ይገኛል። 25 ግራሙን ለጤና ጣቢያ ስንፈልግ ግን «በሂደት ላይ ነው» ይባላል። «ጨው ለራስሽ ብለሽ ጣፍጪ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሻል» ይላል ተረቱ። ለጥቂቱ ብቻ የሚጣፍጥ ዕውቀትም ለብዙኃኑ ድንጋይ ነው። ቅናት እንዳይመስልባችሁ፤ የአክስቴን ልጅ ገንዳ ድፈኑ አላልኩም። ማሽኑን ያስመጣንበት መንገድ ማዋለጃ ክፍል ድረስ የማይደርሰው ለምንድነው ነው ያልኩት።

መፍትሔ ሳይሰጥ የሚጮኽ ጸሐፊ ስለምጠላ አራት ነገር ልበል። አስመጪዎች ሆይ፣ ማሽኑ ክሎሪን እንደሚያመርት በአማርኛ ጻፉበት፤ «ክሎሪን የሌለው» ማለት ማጭበርበር ነው። የጤና መዋቅሩን የምትመሩ ሆይ፣ በየጤና ጣቢያው በጨው በረኪና ማምረት የሚቻል መሆኑን ከአንድ ጡረታ የቀረበው የግጥም መምህር መስማት የለባችሁም። የግንባታ ፈቃድ የምትሰጡ ሆይ፣ ገንዳ ለሚያስቆፍር ሰው የጣራ ውኃ ማጠራቀሚያና መሸፈኛ ግዴታ አድርጉበት።

አራተኛው ለአክስቴ ልጅ ነው፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ እዚህም እደግመዋለሁ። በሐምሌና በነሐሴ ብቻ አዲስ አበባ ላይ ወደ 500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይወርዳል። ጣራህ 200 ካሬ ሜትር ነው። አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳን 80 ሜትር ኩብ ውኃ ይሰጥሃል፤ ገንዳህ የሚፈልገው 75 ነው! ሮቶ መግዛት እንኳን አያስፈልግህም፤ ገንዳው ራሱ ሮቶ ነው። የመጀመሪያዎቹን የዝናብ ቀናት ውኃ ጣራው እስኪታጠብ ድፋው፤ የቀረውን በወንፊትና በማጣሪያ አሳልፈህ አስገባ። የዝናብ ውኃ ካልሲየም ስለሌለበት ሴልህን በቅርፊት አይጋግርም፤ የገንዳውን ግድግዳ እንዳይበላ ግን ባለሙያው ጥንካሬውን ያስተካክልልህ። ያኔ 25 ግራሟን ማሽን ግዛ፣ ሸፍነው፣ ልጆችህም ይዋኙ። የሰፈሩን ልጆችም ቅዳሜ ቅዳሜ ጥራ። ቦቴውን ግን ልደታ ላክልን።

ምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1886 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ውኃ በቧንቧ ሲገባ ሰው ተደንቆ ገጥሞለታል። ውኃ ሽቅብ መውጣቱ ነበር ጉዱ። ከዚያ ወዲህ ገፈርሳ ተገደበ፣ ለገዳዲ ተገደበ፣ ድሬ ተገደበ፣ አቃቂ ተቆፈረ። ጎረቤቴ ግን ዛሬም ውኃ ሽቅብ የሚያወጡት በጀርባቸው ነው፤ አራተኛ ፎቅ። ለዚህኛው ሽቅብ የገጠመ የለም።

የአክስቴ ልጅ ትናንት ደወለልኝ። ማሽኑ በረኪና መሆኑን ተቀብሏል፤ መሸፈኛውንም አዟል። ስለ ጣራው ውኃ ስጠይቀው «አስብበታለሁ ጋሼ» አለኝ። ያስብበት፤ ክረምቱ ግን እሱ አስቦ እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ቸር ይግጠመን።